እጁ ሰፋ ያለ እጀ ጠባብ

አባዬ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሞላህ። የስፌት መኪናህ እዚያው ገበያው ውስጥ በረንዳችን ላይ ነው፤ አሁን የምሰፋበት እኔ ነኝ። ለአንተ ይታዘዝልህ እንደነበረው ግን አይታዘዝልኝም። እማዬ ደህና ናት። ሜትርህን ከሚስማሩ ላይ እንዳወርድ ስላልፈቀደችልኝ ሌላ ገዛሁ።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ቃል ነው። ሸሚዝን «እጀ ጠባብ» ነበር የምትለው። ቃሉን ከወሎ ይዘኸው የመጣኸው ነው። ድሮ ሰው ሸማ ይደርብ ነበር እንጂ የተሰፋ ልብስ ብርቅ እንደነበር፣ እጅ ያለው፣ እስከ አንጓ ድረስ ጠበብ ብሎ የሚወርድ ልብስ ሲመጣም ባዩት ነገር እንደጠሩት፣ በጠመኔህ ጨርቅ ላይ እየሳልክ አስረዳኸኝ። ብርድ አገር የወጣ ስም ነው ብለህ ሳቅክ። በሰፈራ መጥተህ የጋምቤላን ሙቀት ስታየው እጁን አሰፋኸው፤ ስሙን ግን አልነካኸውም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼ ፊት ስትለው አፈርኩብህ። ሁለተኛ እንዳትለው ብዬ ተቆጣሁህ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት «ሸሚዝ» ማለት ጀመርክ። ከሞትክ በኋላ ሲቆጠቁጠኝ የከረመው ይኸው ነው። ቃሉን ከአንተ ጋር አብሬ የቀበርኩት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኦሞት መጣ፣ ያ ከባሮ ወንዝ ዓሣ ያመጣልህ የነበረው አኙዋኩ ወዳጅህ። አማርኛን የለመደው በረንዳህ ላይ ካንተ ጋር ሲጫወት ነው። ለልጁ ሠርግ የገዛውን ጨርቅ ዘረጋና፣ እጀ ጠባብ ስፊልኝ፣ እጁ ሰፊ ይሁን፣ እንደ አባትሽ፣ አለኝ። አለቀስኩ። ምስኪን፣ ጨርቁ የማይሆን መስሎት ደነገጠ። ቤተሰቡ ሁሉ «እጀ ጠባብ» ነው የሚለው አለኝ፤ ልጆቹ ሸሚዝ ሌላ ስም ያለው አይመስላቸውም።

አንተ እንዴት ያለህ ሰው ነህ! ልጅህ ያፈረችበትን ቃል፣ ሳትቀየማት፣ ለሚወደው ሰው አደራ ሰጥተህላት ሄድክ። እኔ ብሆን አኩርፌ እቀር ነበር።

ትናንት ጨረስኩት። ብብቱ ጋ እንዳንተው ደርቤ ሰፋሁት። ኦሞት ሊወስደው ሲመጣ በረንዳው በሰው ሞልቶ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እጀ ጠባብህ ደርሷል፣ አልኩት። በሕይወት እስካለሁ አንተን አልረሳም አባዬ፤ በረንዳህ ላይም ከእንግዲህ እጀ ጠባብ በሌላ ስም አይጠራም። ከእኔ አፍ ሳትሰማው ነው የሄድከው።

ልጅህ