የማያድረው ሰሌዳ፦ ወይዘሮ ሮዚና ግሬፍ (1934–2019)

ወይዘሮ ሮዚና ግሬፍ ከአባታቸው ከአቶ ቶማስ ሹለር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አግኔታ በርትለፍ፣ በትራንሲልቫኒያ፣ በቫይደንታል መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ባለው በላይኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1934 ጸደይ ተወለዱ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1945 ጥር፣ እናታቸው ከሌሎች የመንደሩ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሳክሶን ሴቶች ጋር ለጉልበት ሥራ ወደ ሩሲያ ተወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርዶ መጣ፤ መቃብራቸው ግን የት እንዳለ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ወይዘሮ ሮዚና ዕድሜ ልካቸውን "እናቴን ጎረቤት አልቀበራትም" ይሉ ነበር።

በቅጥሩ ውስጥ በነበረው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ደርሰው፣ በኅብረት እርሻው ላም ሲያልቡ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። በ1955 ጋሪ ሠሪውን አቶ ሲሞን ግሬፍን አግብተው አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ይህን የምጽፈው ልጃቸው ኤዳ ነኝ። ባለቤታቸው በ1986 ሲያርፉ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በር ቁልፍና የዕድሩ ሰሌዳ ለእርሳቸው ተሰጠ።

በላይኛው መንገድ ሰው ሲሞት፣ የሟቹ ስም የተለጠፈበት የእንጨት ሰሌዳ ከቤት ወደ ቤት በእጅ ይዞራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀጣዩ ቤት ማቀበል ግዴታ ነው፤ ሰሌዳውን ያሳደረ ሰው መቃብሩን ብቻውን ይቆፍራል።

በ1990 በጋ መንደሩ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ጀርመን ሄደ። እኔም ሄድሁ። አብረውኝ እንዲመጡ ብለምናቸው "እኔን ጎረቤቶቼ ይቀብሩኛል" አሉኝ። እኔም "እማዬ፣ የቱ ጎረቤት? ማን ቀረና?" አልኋቸው። መንደሩ ሁሉ የአሳማ ሥጋውን በሚያቆይበት ግንብ፣ የየቤቱ ቁጥር በተጻፈባቸው መንጠቆዎች ላይ፣ በመጨረሻ ሥጋ የሚሰቅል የእርሳቸው ቤት ብቻ ቀረ።

በ1998 የመጨረሻው ጎረቤታቸው አቶ ማትያስ ኦሬንድ ሲሞቱ፣ ወይዘሮ ሮዚና ሰሌዳውን ይዘው የባዶ ቤቶችን በር ሁሉ አንኳኩ። ሊመሽባቸው ሲል ወደ ታችኛው መንገድ ወረዱ። ዕድራችን የዚያን መንገድ ሰዎች ሮማ፣ ማለትም ጂፕሲ፣ ናቸው ብሎ በሦስት መቶ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አባል አድርጓቸው አያውቅም፤ እናገራለሁ፣ ያሳፍራል። ሰሌዳውን ለድስት ጠጋኙ ለዶሪን ሰጡት። ዶሪን ስጦታ መስሎት ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ቆፋሪ ጠፍቶ አቶ ማትያስን ከከተማ የመጡ ቅጥረኞች ቀበሯቸው።

በማግስቱ ወይዘሮ ሮዚና ወደ ዶሪን ቤት ሄደው ሰሌዳውን ከግድግዳው ላይ አዩት። ደንቡን ነገሩትና "አሳድረኸዋል። አንድ መቃብር ብቻህን ትቆፍራለህ" አሉት።

"የማንን፣ እማማ ሮዚ?"

"የእኔን።"

"እርስዎን ስጠብቅማ አካፋዬ ይዝጋል" አላቸው። በየዓመቱ "አካፋህ እንዴት ነው?" እያሉ ሲሳሳቁ ኖሩ። ሰሌዳውም ከዚያ ቀን ጀምሮ በታችኛው መንገድ ይዞራል።

ወይዘሮ ሮዚና ባደረባቸው የልብ ሕመም በአልጋ ላይ ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2019 በተወለዱ በ85 ዓመታቸው አረፉ። ሰሌዳው በዚያው ቀን ሳይመሽ ሃያ ስድስት ቤት ዞረ። እኔ የደረስሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ትናንት ጠዋት ዶሪን ብቻውን ይቆፍር ነበር። የሃያ ስድስቱ ቤት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል፤ ደንብ ነውና ማንም አላገዘውም። እኔ ግን ወደ ጉድጓዱ ቀርቤ "እኔም ከሄድሁ ጀምሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አሳድሬዋለሁ" አልሁት። አላጽናናኝም። ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና ከዳር ሌላ አካፋ ተቀብሎ ሰጠኝ።

ወይዘሮ ሮዚና አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ሃያ ስድስት ቤት ጎረቤት ትተው ሄደዋል። እማዬ፣ የቱ ጎረቤት ብዬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። እግዚአብሔር ነፍስሽን በማይመሽበት ቤት ያሳርፍልን።

ሰሌዳው ዞሮ እናቴ ቤት ደርሶ አሁን በእኔ እጅ ነው፤ ጎረቤቶች፣ የሚቀጥለው ቤት የማን እንደሆነ አላውቅምና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሳዩኝ።