የመስቀል ቅቤ

ቡታጅራ፣ መስከረም 14

ዛሬ ጠዋት ለመስቀል የጎመን ክትፎ እየከተፍኩ ሳለ የልጄ የደሳለኝ መርዶ መጣ። ሰንጋ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ሳለ፣ ከጎረቤቴ ከአስካለ ልጅ ጋር በዋጋ ሽሚያ ተጣልተው፣ እሱ አንገቱን በቢላ ወግቶ ገደለው።

ከሰዓት አስካለ ራሷ መጣች። ዓመቱን ሙሉ አብረን ካጠራቀምነው የመስቀል ቅቤ የኔን ድርሻ በማሰሮ ይዛ ደጃፌ ቆመች።

«ልጄን እንደ ሰንጋ አሳርደሽ ቅቤ ታመጪልኛለሽ?» ብዬ ማሰሮውን ነጥቄ ግንባሯ ላይ ሰበርኩት። ደሟ ከቅቤው ጋር ወረደ። አልጠረገችውም።

«ምቺኝ፣ እቴ። እኔም እኮ ጡቴን አጥብቼዋለሁ» አለች።

እውነቷን ነው። ደሳለኝን ወልጄ በታመምኩ ጊዜ ያጠባችው እሷ ናት።

ይህን የምታነቡ፣ ደሳለኝን ነፍስ ይማር በሉልኝ። ለገዳዩ እናቱ ትጸልይ፤ እኔ አልቻልኩም።