እናቴ ላንቺ ብቻ የነገረችሽ

ውድ ማሪት፣

እማዬ ሞተች። ዝናቡ ሲከብድ ሳንባዋ እንቢ አላት። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ መርዶ ይዤ መምጣቴ ያሳፍረኛል። አድራሻሽን ያገኘሁት ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ የድሮ መዝገብ ነው።

ስፓኒሽ ሊማር ከውጭ አገር ወደ ከተማችን ሼላ የመጣን ሰው ቤታችን ስናሳድር፣ ትምህርት ቤቱ የሚያዘንን ታውቂዋለሽ፤ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት አብሮ ቁጭ ብሎ ማውራት። ካንቺ በፊት ከነበሩት ጋር እማዬ ስለ ገበያና ስለ ብርዱ እያወራች ሰዓቱን ትገፋ ነበር። ካንቺ ጋር ግን የወጥ ቤቱ በር መዘጋት ጀመረ።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ታቅፌ ስገባ ሰማኋት። «ሦስት ነበሩ። ጻፊው፣ ሦስት ወታደሮች» ትልሻለች ቀስ ብላ፤ አንቺም አቀርቅረሽ ትጽፊያለሽ። ስለ አባቴ ነበር። ሲወስዱት የአንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካደግኩ ጀምሮ ስጠይቃት መልሷ «ተይው አማሪሊስ፣ ምግብሽን ብዪ» ነው።

«ምንድን ነው የምትነግሪያት?» አልኳት።

«የቤት ሥራዋ ነው። አንቺ ልብሱን እጠፊ!»

ጓሮ ጠብቄ ያዝኩሽ። «ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ» አልሽኝ፣ በዚያ በሚደናቀፍ ስፓኒሽሽ። ቅናት አንገበገበኝ። የሆዷ ፍሬ እኔ፣ ሆዷን የሰማሽው አንቺ! በነጋታው ትምህርት ቤቱ ሄጄ «የእናቴን ሐብል ሰርቃለች» አልኩ። በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቤት አዛወሩሽ። ሐብሉ እኔ ጋ ነበር ማሪት። ሌባ ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ።

እማዬ ሳምንት ሙሉ የቶርቲያ ቂጣሽን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችልሽ። «ምን አስቀየምናት?» ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ያልኩትን ደበቅኳት። ከዚያ ወዲያ ስለ አባቴ ለማንም አልተነፈሰችም።

አሁን የድሮው ጦር ሰፈር ውስጥ ያኔ የተወሰዱትን ሰዎች አጥንት የሚያወጡ ባለሙያዎች እየቆፈሩ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው። «እናትሽ የጠቀሱት ቦታ የለም? ዛፍ፣ ግድግዳ፣ ምንም?» ይሉኛል። እማዬ ልትሞት ስትል «የት እንዳለ ማሪት ጽፋዋለች» አለችኝ። ሌላውን ለመናገር ትንፋሿ አልበቃትም።

ቁፋሮው ከሁለት ወር በኋላ ይዘጋል። ደብተርሽ ካለ፣ እባክሽ ላኪልኝ። ብትጠዪኝም ላኪልኝ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በአባቴ ላይ ለወታደሮቹ ማን እንደጠቆመ ተጽፎ ከሆነ፣ ያንን ገጽ ቀደሽ አስቀሪው። የእማዬን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት ጎረቤቶቻችን አንዱ ዶን ኤውሴቢዮ ነው። ገና አፈሩ ሳይመለስ ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ እናትሽ ስለ እኔ ያለችሽ ነገር አለ?» አለኝ። የእሱና የእኛ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ብቻዬን ነኝ።

የበደለችሽ፣
አማሪሊስ