ልጄ አይደለችም ይበሉ

ይድረስ ለኦቦ መርጋ፣
ባኮ

ኦቦ መርጋ፣ አካም ጅርቱ? ከተለያየን ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? የወለዱኝ አዴ ሙሉወርቅስ እንዴት ናቸው? የጉልበታቸው ሕመም ቀለል አለላቸው ወይስ አሁንም ውኃ ሲቀዱ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ? ወንድሜ ገቢሳስ? ታናናሾቹስ? ላሞቹስ፣ በቆሎውስ፣ ሰው የሚያቀልጠው የባኮ ሙቀትስ? በደጅዎ ያለው ሰውና ከብት ሁሉ ደኅና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። የእርስዎን ጤና ግን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። በሕይወት መኖርዎማ እዚህ አምቦ በማኅተም ተረጋግጧል።

እኔ ደኅና አይደለሁም። በደብዳቤ ላይ "እኔ ደኅና ነኝ" ማለት ደንብ መሆኑን አውቃለሁ፤ አባቴ ፈዬራ ግን ውሸት በሰላምታ ውስጥ ቢገባም ውሸት ነው እያለ ነው ያሳደገኝ። ከኮሌጁ ተባርሬያለሁ። ብርድ ልብሴንና የምግብ ካርዴን አስረክቤ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ክሊራንስ አስፈርሜ ወጥቻለሁ። አሁን ያለሁት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ አመለሸጋ የምትባል የዶርም ጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። ስንፍና ያባረረኝ እንዳይመስልዎ። ያባረሩኝ እርስዎ ነዎት። እንዴት እንደሆነ ዛሬም እንዳልገባዎ ስለማምን ከሥሩ ልንገርዎ።

የኮሌጁ ሕግ አጭር ነው። የተማሪ አማካይ ነጥብ ከሁለት በታች ከወረደ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ዳግመኛ ከወረደ ይሰናበታል። እኔ አንደኛ ዓመት እንደገባሁ ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል፤ አልደብቅዎትም። ካቺሲ ሳለን የኬሚስትሪ መምህራችን ብልቃጡንም ቱቦውንም በጠመኔ እየሳለ ነበር ያስተማረን። እዚህ እውነተኛውን ብልቃጥ ሲያስጨብጡኝ በየት እንደሚያዝ እንኳ አላወቅሁም። አባቴ ይህን ሲሰማ አልተቆጣኝም። "ወይፈንም ቀንበር በለመደበት ቀን ይተኛል፤ የምንሸጠው በማግስቱም የሚተኛውን ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም በማግስቱ አልተኛሁም። ነጥቤን ከሁለት በላይ አወጣሁ፤ የኬሚስትሪው መምህር አቶ ሞቱማ ሥራዬን ለክፍሉ እያነበበ "እንዲህ ነው የሚጻፈው" እስከማለት ደረሰ።

በጥር፣ የኬሚስትሪው ፈተና ዋዜማ፣ ጎረቤታችን ኤጄታ በጭነት መኪና ከካቺሲ መጥቶ በር ላይ አስጠራኝ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ስለነበር ሳይናገር ሞት መሆኑ ገባኝ፤ የሞተው አባቴ ነው። አቶ ሞቱማ ዘንድ ሮጥኩ። "ሂጂ፤ ፈተናው አያመልጥሽም። ስትመለሺ ከገበሬ ማኅበሩ የተጻፈ ማረጋገጫ ይዘሽ ነይ፤ የወላጅ ሞት ከሆነ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል" አለኝ። ስደርስ ቀብሩ አልጠበቀኝም፤ አፈሩ ግን ገና አልደረቀም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ሰው የሚዘምረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነውና፣ ያን የሚያህል ሰው በሹክሹክታ ተሸኘ።

እናቴ ዲንቂቱ መደብ ላይ ተቀምጣ ውሻ በጮኸ ቁጥር "መርጋ መጣ?" ትል ነበር። ደንቡን እርስዎም ያውቁታል። ልጅ የሰጠና ልጅ የተቀበለ ከወንድማማች ይበልጣሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ከባልቴቲቱ ቀኝ ይቀመጣል። ያ ቦታ ለእርስዎ ተይዞ ሰነበተ። ፀሐይ ያመለጡ ዶሮዎች እንኳ ሲወጡበት "ኧረ የሰው ቦታ ነው" እየተባሉ ይባረሩ ነበር። በመጨረሻ ኤጄታ ኮርቻ አስቀመጠበት። እኔ ፀጉሬን ተላጨሁ። የእምነታችን ሰዎች "ይህ የአሕዛብ ልማድ ነው፣ ተይ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

የገበሬ ማኅበሩን ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ አሻግሬ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። የሟች ስም ፈዬራ፣ የእኔም ስም ወርቅቱ ፈዬራ መሆኑን አመሳክሮ "ነፍስ ይማር" አለና ማካካሻ ፈተና የምቀመጥበትን ቀን ነገረኝ። ያን ፈተና ከተቀመጥኩ ቆምኩ ማለት ነው፤ ካልተቀመጥኩ ባዶው ቦታ ኤፍ ይሆናል፣ ኤፉ ነጥቤን ከሁለት በታች ያወርደዋል፣ ሁለተኛ መውረድ ደግሞ መሰናበት ነው። መንገዴ እንደ እንጨት ድልድይ ነበር፤ ጠባብ፣ ግን የሚያሻግር።

እርስዎ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጠዋት አስታውሳለሁ፤ እርስዎም እንደማይረሱት ተስፋ አደርጋለሁ። ካፖርትዎን ለብሰው፣ ባርኔጣዎን ደፍተው፣ በቆሎ የሞላ ከረጢት አሸክመው መጡ። መጀመሪያ ያዩት ጭንቅላቴን ነበር። "ፀጉርሽን ምን ነካው? ቅማል ነው?" አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ሰው አይጠይቀውም። ከለቅሶው ለምን እንደቀሩ ስጠይቅዎ "በቆሎ እየፈለፈልን ነበር" አሉ። ከረጢቱን አየሁት። አባቴን ያስቀረብኝ በቆሎ ይኸውና እግሬ ሥር ቆሟል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ "አንድ ሾፌር 'ያቺ ልጅ አባቷ ሞቶባት ኮሌጅ ላይ እያስቸገሯት ነው' አለኝ፤ ሰው የሌላት መስሏቸው ነው፤ ቆይ አሳያቸዋለሁ" አሉ። "ኦቦ፣ እባክዎ ምንም አይናገሩ፤ ነገሩ አልቋል" አልኩ። እጅዎን በፊቴ አራገቡት። እንደ ዝንብ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ በቆመበት የሬጅስትራሩ መስኮት ራስዎን አስገብተው "የዚህች ልጅ አባት ሞቷል ያለ ማነው? አባቷ እኔ ነኝ! መርጋ ነኝ! ይኸው በሕይወት አለሁ!" ብለው ሳቁ። ደረትዎንም መቱ። የተሰለፉት ተማሪዎችም ሳቁ። ለቅሶ ያልደረሱ ሰው ለሬጅስትራር ደረሱ።

አቶ አሻግሬ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ "የወለድካት አንተ ነህ?" አለዎት። "ታዲያ ማን ሊሆን? አፍንጫዋን አታየውም?" አሉት። እኔን ዞሮ ሲያየኝ ያ "ነፍስ ይማር" ያለው ፊት ከላዩ ላይ ወርዶ ነበር። "ታዲያ ፀጉርሽን ለማን ተላጨሽ፣ አባትሽ ቆሞ?" አለኝ። ጉዲፈቻ ነው ብዬ አስረዳሁት። "የፍርድ ቤት ውሳኔ አለሽ?" አለ። የለኝም። በእኛ አገር ልጅ የሚሰጠው በበረት በር፣ በሽማግሌ ፊት፣ በመሐላ ነው፤ ለመሐላ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል? ዞር ብዬ እርስዎን ጠበቅሁ። አንዲት ቃል። "ሰጥቻታለሁ" የምትል አንዲት ቃል። እርስዎ ግን ኮራ ብለው "እሱ አሳዳጊዋ ነበር፤ ደሙ የኔ ነው" አሉ። ከዚያ የአውቶቡስ ሰዓት ደረሰብዎና ሄዱ።

በቆሎውን ለበር ጠባቂዎቹ ሰጠሁት። ቀቅለው ንፍሮ በሉት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም ነበር፤ ንፍሮውንም አልቀመስኩም።

ፈተናው ተሰረዘብኝ። የሐሰት የሞት ማስረጃ አቅርበሻል ተብዬ ኮሚቴ ፊት ቆምኩ። ሰብሳቢው ቀልደኛ ሰው ነው። "ለፈተና የሚሞት አባትና በቆሎ ይዞ የሚመጣ አባት አለሽ ማለት ነው። ለምረቃሽ የትኛውን ልትጋብዢ ነበር?" አለኝ። ሳቁ። "የሞተውን፤ የቆመውማ ሳይጠሩትም ይመጣል" አልኩ። ሳቁ ቆመ። ጸሐፊው "ድፍረት አሳይታለች" ብሎ መዘገበ። ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ሰሌዳው ጋ ስሄድ፣ ትናንት ከኔ ማስታወሻ ይገለብጡ የነበሩ ልጆች "ባለ ሁለት አባቷ መጣች" ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። አመለሸጋ ብቻ ሻንጣዬን ይዛ አብራኝ ወጣች።

አሁን ስለ ደሙ እንነጋገር፤ እርስዎ ያነሱት ነገር ነውና። አባቴ ስለተሰጠሁበት ቀን ሲያወራ ሁልጊዜ "መርጋ ወዳጄ ነው፣ ወዶ ሰጠኝ" ይል ነበር። ሌላ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። የቀረውን የነገሩኝ አዴ ሙሉወርቅ ናቸው፤ ባኮ ልጠይቃችሁ በመጣሁ ጊዜ፣ እያለቀሱ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሳል ይዞኝ እንደከሳሁ፣ ፈዬራ ልጅ ሊለምን ሲመጣ ከልጆችዎ መካከል እኔን ወደፊት ገፍተው "ይህችን ውሰድ፤ ብትሞትም ከኔ ደጅ አትሁን" እንዳሉት ነገሩኝ። እሱ ያንን ሰምቶ ወሰደኝ። በቅሎ ላይ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ይዞኝ ዞረ። የዚያን ጊዜ ደሙ የእርስዎ አልነበረም። ደሙ የእርስዎ የሆነው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው።

ሊጎዱኝ እንዳልመጡ አውቃለሁ። ሊረዱኝ ነው የመጡት። ጠላት ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ከጠላት ሰው ይጠነቀቃል።

አሁን የምለውን ልብ ብለው ይስሙ፤ ገቢሳ ሁለት ጊዜ ያንብብልዎ። ኮሚቴው መጋቢት አሥራ ሁለት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ይግባኜን ይሰማል። አቶ ሞቱማ ለምኖ ያስገኘልኝ ነው፤ የፈተናውን ወረቀት አሁንም መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። በበረቱ በር ከነበሩት ሽማግሌዎች የቀሩት ኦቦ ቀንዓ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ከካቺሲ እመጣለሁ ብለዋል። ነገር ግን "የተቀበለው ቢምል፣ ሽማግሌው ቢመሰክር፣ የሰጠው ዝም ካለ ነገሩ ባለ አንድ እግር ነው" ብለው ልከውብኛል። ሰብሳቢውም ያው ነው ያለው። የወለደው ሰው ራሱ መጥቶ በፊታችን ይናገር፣ ያኔ እናያለን ብሏል።

እንግዲህ ይምጡ። እሑድ ከባኮ ተሳፍረው አምቦ ይደሩ። በቆሎ አያምጡ። ካፖርቱን ከፈለጉ ይልበሱት፤ ባርኔጣውን ግን በር ላይ ያውልቁ። ሰው ፊት ሲቆሙ አይሳቁ። እንዲህ ይበሉ፦ "ይህች ልጅ የኔ አይደለችም። ወልጃት ነበር፤ በሦስት ዓመቷ በበረቱ በር፣ በሽማግሌ ፊት፣ መልሼ ላልጠይቃት ምዬ ሰጠኋት። አባቷ ፈዬራ ነው። ፈዬራ በጥር ሞቷል። ለቅሶውም አልደረስኩም።" የመጨረሻዋን ቃል ኮሚቴው አይፈልጋትም። እኔ ነኝ የምፈልጋት።

ይከብደኛል እንዳይሉ። ከብዶዎት አያውቅም። አንድ ጊዜ የማታስል ልጅ አስቀርተው የምታስል ልጅ ሰጥተዋል፤ አሁን የሚሰጡት ቃል ብቻ ነው። ገበያ ላይ "የኮሌጅ ተማሪዋ ልጄ" እያሉ መቀመጥ እንደሚቀርብዎ አውቃለሁ። ይቅርብዎ። ባይመጡም እኔ ማልቀሴን ጨርሻለሁ፤ ካቺሲ ተመልሼ የአባቴን መሬት ከእናቴ ጋር አርሳለሁ፤ በየዓመቱ የመግቢያ ፈተና በሚወጣበት ጊዜ ሁሉ እቀመጣለሁ፤ ፀጉሬም ያድጋል። የበረቱ በር መሐላ ግን ከእርስዎ ጋር ባኮ ይቀመጣል፤ ከልጆችዎም ጋር አብሮ ይበላል።

ለአዴ ሙሉወርቅ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ። ለገቢሳ ጂኦሜትሪውን እንዳይተው ንገሩልኝ፤ ደብተሬን እልክለታለሁ። ለታናናሾቹ ለሁሉም በየስማቸው፣ በጉንጫቸው። ለአያትየዋ፣ መስማት ከቻሉ፣ በጆሯቸው ጮክ ብላችሁ "ወርቅቱ ሰላም ብላለች" በሏቸው። ከእናቴ ከዲንቂቱም ሰላምታ አለ፤ ቦታው አሁንም ኮርቻ እንዳለበት ነው ብላለች።

ለእርስዎ የሚሆነውን ሰላምታ በዚህ ደብዳቤ አልላክሁም። ከኮሚቴው በር ውጭ ይዤው እቆማለሁ። የተባለውን ብለው ሲወጡ ይቀበሉኛል።

ወርቅቱ ፈዬራ
አምቦ፣ ከሁሉቃ ማዶ
የካቲት ፳፯ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.