ያልተዘመረው አንጓ

ሰኞ

«አንዷን ግጥም ብቻ ከመጽሐፉ አውጪያትና ነገሩ በሰላም ያልቃል» አለኝ የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ በስልክ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። አንዷ ግጥም «በሩ ቢዘጋብኝ» ናት። መጽሐፌ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህችኑ መረጡ።

ነገሩን አንዴ በደንብ ልጻፈው። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር እየተናደድኩ ስለምናገር ይዝረከረክብኛል።

ግጥሟን የጻፍኳት አባቴ የሞተ ዓመት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዜማም እኔው አወጣሁላት። ያኔ ኳየር ውስጥ ነኝ፤ መሪያችን ወንድም ካሌብ ነው። በኳየራችን ልማድ መዝሙር ባለቤት የለውም። ማን አመጣው አይባልም፤ «ጌታ ሰጠን» ይባላል። ልማዱን እወደው ነበር፤ አሁንም አልጠላውም። ካሌብ ግን አልበም አወጣ። መዝሙሩ የአልበሙ መጠሪያ ሆነ፤ ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ ካሌብ» የሚል ተጻፈበት። ለጌታ የሰጠሁት ዕቃ ካሌብ እጅ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ሄጄ ስጠይቀው «መዝሙር የጌታ ነው እህቴ፣ የእኔ የአንቺ አይባልም» አለኝ። ከኳየሩ ወጣሁ። እሱ ቀረ። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ያንን መዝሙር ያልከፈተ ባጃጅ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥነ ጽሑፍ ተማርኩ፣ ጊታር ገዛሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ የራሴን ዘፈኖች መዝፈን ጀመርኩ። አሁን የመጀመሪያው የግጥም መድበሌ «ከበሩ ወዲህ» ሊታተም ነው። ግጥሞቹን በድምፄም እየቀዳሁ ነው፤ የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለውን ኮድ በስልኩ ያነሳ ሰው ያዳምጠኛል። ምረቃው በቤተክርስቲያኑ የወጣቶች አዳራሽ እንዲሆን ተፈቅዶልኝ ነበር። አንድ ደግ ሰው ማውጫውን ለካሌብ አሳየው።

ጸሐፊው ሊዘጋ ሲል «ሕዝቡ እኮ ከካሌብ ሰረቀች ነው የሚለው» አለኝ። ይሄ እንኳ እውነት ነው። ሌባ የምባለው እኔ ነኝ።

ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን ፋይል የሚጠብቀኝ እስከ ዓርብ ነው። ግጥሟ ከገባች አዳራሽ የለም። ከወጣች ዕድሜ ልኳን የካሌብ ናት።

ማክሰኞ

ቀረጻ ዋልኩ። የሚቀዳኝ የከድር ስቱዲዮ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከቤተሰቡ የብርድ ልብስ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው በሙሉ ያልተሸጠ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ማይኩ ፊት ስቆም ብርድ ልብሱ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ነብር ፊት ለፊቴ ያፈጣል።

ዛሬ ያበላሹብን፦ ባጃጅ። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር። የከድር አጎት ከደንበኛ ጋር ሲከራከር። ጣራው ላይ የምትመላለስ አባ ኮዳ፤ ይቺ ወፍ ጫማ ያደረገች ነው የምትመስለው።

«ገጣሚዋ፣ እየዘፈንሽ ነው» አለኝ ከድር።

«እያነበብኩ ነው።»

«ጊታሩን ቀማሁሽ፣ አሁን ደግሞ በጉሮሮሽ መታሽው። ዝም ብለሽ ንገሪኝ። እንደ ሰው።»

ልክ ነበር። ሳልዘፍን መናገር ከባድ ነው። ዜማ ሲኖር ሰው ቃሉን ባይሰማም ይራራልሻል። ዜማው ሲነሳ ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ ደካማ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሁለት ግጥም እዚያው ጣልኩ። አላዘንኩም።

«በሩ ቢዘጋብኝ» ላይ ስደርስ ከድር አብሮኝ ማለት ጀመረ። ጁምዓ የማያመልጠው ሰው መዝሙሬን በቃሉ ያውቀዋል።

በሩ ቢዘጋብኝ ደጅህ ላይ አደርኩ፣
ስምህን ለብሼ ብርዱን ተሻገርኩ።

ሦስቱን አንጓ እስከ መጨረሻው አብሮኝ አለ። አራተኛው ላይ ዝም አለ። «ከዚህ በኋላም አለ እንዴ?»

አለ። ካሌብ ያኔ «ይሄ በቤተክርስቲያን አይባልም» ብሎ የቆረጠው አለ። ኳየሩ እንኳ ሰምቶት አያውቅም።

ደጅህ ካደርኩ አይቀር ልጠይቅህ አንዴ፣
ዝም ብልህ ጊዜ ረሳች አልክ እንዴ?
አባቴን ስትወስድ ተከፍቶ ነበር፣
ለእኔ ሲሆን ምነው ተዘጋ ያ በር?

ከድር «ይሄኛው ዛሬ አይቀዳም፣ ድምፅሽ ተቆጥቷል» አለ። ወደ ዓርብ አዛወርነው።

ማታ እናቴ ከመናኸሪያ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። እዚያ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ ከጥንት ጀምሮ የኳየሮቹን ጋውን የምትሰፋው እሷ ናት፤ እሷም የእናቶች ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። ዘንድሮ አዲስ ጋውን ታዟል፤ ወይን ጠጁ ጨርቅ ቤታችንን ሞልቶታል።

«ነገ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለችኝ።

«ማን ጠራቸው?»

«ሽማግሌ ይጠራል እንዴ? ይመጣል። ፊትሽን ግን አትቋጥሪባቸው።»

ፊቴን እንዴት እንደምፈታው አላስረዳችኝም።

ረቡዕ

መጡ። ጋሽ ማርቆስ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፤ አንድ ሌላ ሽማግሌ፤ ካሌብ። ካሌብ ሽቶ ተቀብቷል። እናቴ ሻይ አቀረበችና መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ገባች። ስፌቱ ይሰማናል።

ተጸለየ። ከዚያ ሁለተኛው ሽማግሌ ስለ ይቅርታ ረጅም ንግግር አደረጉ። ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው አንዴም አልተነሳም። «ያለፈውን ትተን» አሉ። «ሰይጣን በመካከላችን ገብቶ» አሉ። ጥፋቱ በሙሉ በሰይጣን ላይ ሊያልቅ ሲል ጣልቃ ገባሁ።

«ይቅር የምለው ምኑን እንደሆነ ንገሩኝ» አልኩ።

«እሱን አሁን ምን አነሳሳው?» አሉኝ ሁለተኛው።

ጋሽ ማርቆስ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ኧረ ግድ የለም። የምታጣላችሁን ግጥም እኛም እንስማት። አንብቢያት።»

አነበብኳት። ያለ ዜማ፣ ከድር እንዳለው፣ እንደ ሰው። ሦስቱ አንጓዎች ላይ ሁለተኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ የሚወዱት መዝሙር ነው። አራተኛውን ስጨርስ አልነቀነቁም።

«ይሄ ምንድን ነው? እግዚአብሔርን መክሰስ አይደለም?»

ካሌብ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ደስ ብሎት ነበር፤ አየሁት። «አያችሁ? ይሄንን እኮ ያኔውኑ ለቤተክርስቲያን አይሆንም ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መዝሙሩ ሰው ጋ የደረሰው በዚያ ነው።»

ጋሽ ማርቆስ ዞር አሉ። «ከየት ነው ያወጣኸው ልጄ?»

«ከመዝሙሩ ነዋ።»

«መዝሙሩን ጌታ በጸሎት ሰዓት ሰጠኝ ብለኸን ነበር። ይሄንንም ጨምሮ ነው የሰጠህ?»

ካሌብ ሻዩን አነሳ። ብርጭቆው ባዶ ነበር። «አይ፣ ማለቴ፣ እሷ ልጅ ሆና ያመጣችውን እኔ አስተካከልኩት ማለቴ ነው። አብረን ነው የሠራነው።»

ጓዳ ውስጥ የስፌት መኪናው ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም።

ያን ያህል ዓመት ስከራከር ያላገኘሁትን እውነት ካሌብ በሙያው ሲኮራ ነገረኝ። ደስታ እጠብቅ ነበር። አልመጣም። የታወቀኝ ጥቃቅኑ ነገር ብቻ ነው፦ ዝንብ፣ ባዶ ብርጭቆ፣ ሽቶ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በእርስ ተነጋገሩና ፍርዳቸውን አመጡ። እውነቱ ታውቋል፤ ካሌብ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ለእነሱ ስል ግጥሟን ከመጽሐፉ አወጣለሁ፣ ካሌብ ሰው ፊት እንዳይዋረድ። ካሌብ ተነስቶ «ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅርታ» አለ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። «ግጥሟ ግን ትቆያለች።»

«ሽማግሌ እምቢ ይባላል?» አሉ ሁለተኛው።

«እምቢ አላልኩዎትም። ይቅር በይ አሉኝ፣ አልኩ። አውጪ ማለት ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ሆቴል የሚዘፈን ነገር ልቧን አደንድኖታል» አሉ ለጋሽ ማርቆስ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

ጋሽ ማርቆስ ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆም አሉ። «ያቺ የመጨረሻዋ አንጓ ክፉ ናት።»

«አዎ ጋሽ ማርቆስ።»

«መጥፎ ግጥም ናት ግን አላልኩሽም።» ሄዱ።

እናቴ እራት አልበላችም። ያንን አንጓ የሰማችው ዛሬ ገና ነው፤ ያውም በመጋረጃ በኩል።

ሐሙስ

ጸሐፊው ደወለ። አዳራሹ እድሳት ላይ ነው አለኝ። ከሰዓት በዚያ ሳልፍ ልጆች ውስጡ ፒንግ ፖንግ እየተጫወቱ ያድሱታል።

ለከድር ነገርኩት። «ታዲያ ሱቁ አለ» አለ። «ብርድ ልብሱን አንጥፈን ሰዉን እናስቀምጣለን። ከሞቃቸው ይገዛሉ፣ አጎቴም ግጥም ይወድ ይሆናል።» ይህ ተፈታ።

ያልተፈታው እናቴ ናት። ጠዋት ጋውን እየተኮሰች ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አባትሽን ለምን እዚያ ውስጥ አስገባሽው?»

«ሌላው አንጓ ስለማን የተጻፈ መሰለሽ?»

«እኔ ለጌታ ነው ስዘምረው የኖርኩት።»

«ጥያቄውም ለእሱ ነው እማዬ።»

«እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።» ጋውኑ ላይ ውሃ አርከፈከፈች። «እኔን አይተሻል? እንዲህ ስል ሰምተሽኛል?»

አልሰማኋትም። አባቴ ከተቀበረ በኋላ ያደረገችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መስፋትና መዘመር። ለዚያ ነው የጻፍኩት፤ አንድ ሰው ማለት ነበረበት። ይህን አልነገርኳትም። የኳየር ጓደኞቿ ትናንት ማታ ሳይደውሉላት እንዳልቀሩ አውቃለሁ። ካሌብን ማዋረድ አይቆጨኝም። እሷ እሁድ በኳየሩ ረድፍ ስትቆም የሚያያት ዓይን ግን እኔ የምከፍለው ዋጋ አይደለም፣ የምትከፍለው እሷ ናት።

ማታ ፋይሉን ከፈትኩ። ግጥሟን አወጣኋት። ቀጣዩ ግጥም ወደ ላይ ወጥቶ ቦታዋን ያዘ፤ ምንም ያልጎደለ መሰለ። ያ ነው ያናደደኝ። መለስኳት። አልላክሁም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ስቱዲዮ ገባን። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ልጀምር ስል ከሱቁ በኩል የከድር አጎት «እናት፣ ብርድ ልብሱ በዚህ ነው» ሲል ሰማሁ። ከዚያ የእናቴን ድምፅ፦ «ብርድ ልብስ አልፈልግም፣ ልጄን ነው።» ከመናኸሪያ እንደነበረች ነው የመጣችው፤ የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከድር ወንበር አመጣላትና ነብሩ ሥር ተቀመጠች። ግድግዳውን ዳሰሰች። «ይሄ ጠርዙ አልተዘመዘመም» አለችው።

ሦስቱን አንጓ አልኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ለሽማግሌ ያልኩትን ለእሷ ማለት አቃተኝ።

«ስጪኝ» አለች።

ከድር አልገባውም። በእኛ ዘንድ መዝሙር ከወረቀት አይጠናም። ያመጣው ሰው አንድ ስንኝ ይሰጣል፣ ኳየሩ ይመልስለታል፣ እንዲያ እያለ ያልቃል። ስጪኝ ማለት እሱ ነው።

ሰጠኋት፣ ያለ ዜማ። «ደጅህ ካደርኩ አይቀር ልጠይቅህ አንዴ።»

በዜማው መለሰችልኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛውን ሰጠኋት፣ መለሰች። ሦስተኛውን ሰጠኋት። «አባቴን ስትወስድ ተከፍቶ ነበር።» ጣራው ላይ አባ ኮዳዋ ተራመደች። ከዚያ መለሰች፦

አባቷን ስትወስድ ተከፍቶ ነበር።

አራተኛውን ሰጠኋት። እሱንም መለሰች። ተነስታ ሜትሯን ጠቀለለች። «ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች።

«ቀዳኸው?» አልኩት ከድርን።

«ማይኩ ክፍት ነበር። ወፏ ገብታለች። ላጥፋት?»

«ተዋት።»

ፋይሉን ላክሁ። ማተሚያ ቤቱ «ይታተም?» ብሎ ጻፈ። «ይታተም» አልኩ። ከዚያ ራበኝ።

ቅዳሜ

ካሌብ መልእክት ላከ። «ቢያንስ ቅንብሩ የእኔ መሆኑ ይጻፍ።» መጽሐፍ ቅንብር የለውም ብዬ ልመልስለት ነበር። ተውኩት።

ሆቴሉ ሞልቶ ነበር። ዘፈንኩ። አንዲት ሴት «ያቺን የበሩን መዝሙር አታውቂያትም?» አለችኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኳት።

እሁድ

እናቴ አዲሱን ጋውን ለብሳ በጠዋት ሄደች። «ዛሬ ፕሮግራም ላይ አለ» አለችኝ፤ ምኑ እንደሆነ ሁለታችንም አልጠራነውም። «አትሂጂ» ልላት ነበር። እሷ ደግሞ እንዲህ ስትባል የምትቀር ሰው አይደለችም።

ልብስ አጠብኩ። ሦስት ጊዜ ያህል በር የተንኳኳ መሰለኝ።

ከምሳ ሰዓት በኋላ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ውሃ ጠጣች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር ፈለግሁ።

«ሰዎቹ ምን አሉሽ?»

«ግማሹ ሰላም አለኝ።» ወንበር ሳበች። «ጋሽ ማርቆስ መጽሐፉ መቼ እንደሚደርስ ጠየቁኝ።»

«ካሌብስ?»

«ኪቦርድ ላይ ነበር። መዝሙርሽን ዘመርን።»

መዝሙርሽን አለች። ከዚህ በፊት ብላ አታውቅም። ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ አልኩ።

«ሦስተኛው ሲያልቅ» አለች፣ የጋውኗን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈታች፣ «ኪቦርዱ መዝሙሩን ዘጋ። ሰው ሁሉ ዘጋ። የእኔ አፍ ወደ አራተኛው ሊቀጥል ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ዘጋሁት።»

ጋውኑን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ትከሻውን አስተካከለች፣ አንድ የተንጠለጠለ ክር በጥርሷ ቆረጠች።

«ለዛሬ» አለች።