ሳጥን ሳጥንን ይሸከም

ውድ አባቢዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። አንድ ረመዳን ያለ አንተ ጾምን፤ ሁለተኛው እየመጣ ነው። እሚ ደህና ናት። አንተ ትቀመጥበት የነበረው በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ አትቀመጡ ያለን ሰው ግን የለም። ግቢ ውስጥ የደረደርካቸውን አሮጌ የቲማቲም ሳጥኖች እሚ ለማገዶ አልሰጠችም። በአንዱ እኔ መጽሐፎቼን አስቀምጥበታለሁ።

አሁን አዳማ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ቶሎ ደስ አይበልህ። የሞላሁት ነርሲንግ ነበር፤ የደረሰኝ ግን ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ነው። እሚ መቂ ላይ ጎረቤት ሲጠይቃት «ስለ መኪና ነገር ነው» ትላለች። እኔም ብዙ ጊዜ ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ዕቃ ከተመረተበት ቦታ ተነስቶ ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ እንዴት እንደሚሄድ ነው የምንማረው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሲቀልድ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔ ምን እንዳለ ሳይገባኝ ከሁሉም ኋላ እስቃለሁ።

ግን የምነግርህ ይህን አይደለም። የተናደድኩት በሌላ ነገር ነው።

ቲማቲም ከመቂ አዲስ አበባ እንዴት እንደሚጓዝ በቡድን ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። መምህሩ ከዚያ አካባቢ የመጣ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ። ዓይናፋር ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ነበር። አባቢ፣ እውነቱን ልንገርህ። እጄን ካነሳሁ ከየት አወቅሽ እባላለሁ ብዬ ነው። አባቴ ቲማቲም በሳጥን የሚደረድር ጫኝ ነበር ማለት አፈርኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ የአባቶቻቸውን ሥራ የሚያወሩት ሌላ ዓይነት ናቸው።

የቡድናችን መሪ ሀና የምትባል ልጅ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ አፏ አይያዝም። ሳጥኖቹ አፍ እስከ ገደፋቸው ይሞሉ፣ ከፍ ተደርገው ይደርደሩ፣ መኪናው አንድ ምልልስ ይቀንሳል ብላ ሠራችው። እኔ በንጹህ ጽሕፈት ገለበጥኩት። ከፍተኛውን ውጤት ያገኘነው እኛ ነን። ሁሉም ሲያጨበጭብልን እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ግን አቃጠለኝ።

ያ ቀን ትዝ ይልሃል? ምሳህን ይዤልህ መጥቼ፣ ልረዳህ ብዬ አንድ ሳጥን ቁልል አድርጌ ሞላሁ። በጣም ኮርቼ ነበር። አልተቆጣህም። እጄን ቲማቲሙ ላይ አስዘርግተህ ሌላ ሙሉ ሳጥን ቀስ አድርገህ አሳረፍክበት። «ዋይ» ስል ወዲያው አነሳኸው። «ቲማቲም ግን ዋይ አይልም፣ ዘምዜ» አልከኝ። ከዚያ መዳፌን በሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስኬድከው፤ የነካኝን ቲማቲም ሁሉ አወጣን። ሳጥን ሳጥንን ይሸከም እንጂ ቲማቲም ሳጥን አይሸከምም አልክ። የመኪናው ሰውዬ ጨምር ጨምር እያለ ሲጨቀጭቅህ ደግሞ፣ «እሺ፣ ግን አዲስ አበባ የሚደርስልህ ስልስ ነው፤ ሽንኩርቱን ከወዲሁ ላክትፍልህ?» ብለህ ጫኞቹን ሁሉ አሳቅሃቸው።

የሀናን ሥራ የገለበጥኩት ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው።

አሁን ሥራችን ተመርጦ ሐሙስ ለትምህርት ክፍሉ በሙሉ ይቀርባል። ሀና የመቂ ልጅ መሆኔን ከመታወቂያዬ ላይ አይታ የአሞላሉንና የአደራደሩን ክፍል እንዳቀርብ ለእኔ ሰጠችኝ። አሞላሉ ስህተት ነው አልኳት፤ ድምፄ ግን ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም። «ውጤት ያገኘንበትን ነገር አሁን ልታበላሺው ነው? ደግሞስ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ንዴቴ በራሴ ነው። እውነቷን ነው፤ የት ነበርኩ?

እሑድ መቂ ሄጄ መጽሐፎቼን አልጋ ላይ ደፍቼ ሳጥንህን ይዤው መጣሁ። እሚ ምን ሊያደርግልሽ ነው ብላ አልጠየቀችም፤ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «እህቴ፣ ባዶ ሳጥን ነው በወንበር የምታስኬጂው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ጭኔ ላይ አድርጌ በሞጆ አዞርኩት እንጂ ጣራ ላይ እንዲጫን አልሰጠሁትም። አሁን አጠገቤ ነው። ጠርዙ አንተ መዳፍህን ታስኬድበት በነበረው በኩል ልሟል።

ሐሙስ አፌ እሺ ይለኝ እንደሆን አላውቅም። እምቢ ካለኝ ሳጥኑን በቲማቲም ቁልል አድርጌ ሞልቼ፣ የሀናን እጅ እላዩ ላይ አስዘረጋለሁ፤ አንተ እንዳደረግከው ሌላ ሳጥን ቀስ አድርጌ አሳርፍበታለሁ። እሷ ዋይ ማለት አያቅታትም።

ከየት አወቅሽው ብለው ከጠየቁኝ ግን ያን እኔው ነኝ የምመልሰው። መቂ ላይ ቲማቲም ይደረድር ከነበረው ከአባቴ፣ ከሙሄ እላለሁ። ከዚህ በኋላ ሥራህን ስጠየቅ እጄ ጭኔ ላይ አይቀርም። በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ምንም አይጫንህ።

ልጅህ ዘምዘም