ከመስኮትሽ ሥር ስለሚተከለው አግዳሚ ወንበር

እህቴ፣

ምግብሽ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።

ትናንት ከሰዓት የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሁለታችንንም ወክዬ ሄጄ ነበር። «መንገዱን ሲሠሩ ማን ጠይቆን ያውቃል?» እያልሽ ሦስት ዓመት ጆሮዬን አደንቁረሻል። ይኸው አግዳሚ ወንበሩ የት ይተከል ብለው ጠየቁን። አንቺ ተኝተሽ ነበር።

አግዳሚ ወንበር ሁሉም ይፈልጋል፤ በራሱ ደጅ ግን የሚፈልግ የለም። ጸጉር አስተካካዩ «ወሬኛ ይሰበሰብብኛል» አለ። ፎቶ አንሺው «ሱቄን ይጋርድብኛል» አለ። በመጨረሻ የልብስ ሰፊው እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ልጆቼ፣ እኔ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ዳገቱ መሐል ላይ ስደርስ ነው» አሉና ተቀመጡ።

ዳገቱ መሐል ማለት የእኛ ቤት ነው። ያውም ያንቺ መስኮት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እጄን አወጣሁ።

ሌሊት ሠርተሽ ቀን እንደምትተኚ ጠፍቶኝ አይደለም። ቆፋሪዎቹ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ስለዚህ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ አልጋሽን ወደ እኔ ክፍል አዛውሬዋለሁ፤ በጓሮ በኩል ስለሆነ ድምፅ አይሰማም። ያንቺን ክፍል እኔ ወስጃለሁ። ለጊዜው አይደለም።

ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ መስታወትሽ ብቻ ነው። በበሩ ሳወጣው ጥጉ ተሰነጠቀ።